ባላጋራዬን ምክር ቤት ያስገባሁት እኔ ነኝ

ዳንግላ ውስጥ «ለእሱ መመረጥ እንደ አንተ የለፋ የለም» እያሉ እስከ ዛሬ የሚያመሰግኑኝ ሰዎች አሉ። ምስጋናውን ዝም ብዬ እቀበላለሁ። መልፋቱንስ ለፍቻለሁ። ከዳንግላ እንጅባራ፣ ከእንጅባራ ጥሊሊ፣ ከዚያም ወደ ጫግኒ ቁልቁል በፈረስ እየዞርሁ «ይኸን ሰው ምረጡ» ብያለሁ። የለፋሁት ግን ለእሱ ብዬ አልነበረም። ከከተማው እንዲወጣልኝ ነው።

ሁለታችንም ጠበቆች ነበርን። በዚያ ዘመን በአገው ምድር አውራጃ ማመልከቻ ጸሐፊ ሞልቷል፤ የፍርድ ቤቱን አጥር ተደግፎ፣ ጉልበቱ ላይ ሰሌዳ አስደግፎ የማይጽፍ አልነበረም። ዳኛ ፊት ቆሞ የሚከራከር፣ ሰው ከሩቅ መንደር ስሙን ጠርቶ የሚመጣለት ጠበቃ ግን እሱና እኔ ብቻ ነበርን። ከሳሽ እሱን ከያዘ ተከሳሽ ወደ እኔ ይሮጣል፤ እኔን የቀደመ ካለ ሌላው የእሱን በር ያንኳኳል። እንዲህ ሆነን ለዓመታት ፊት ለፊት ስንቆም ኖርን። አንድም ቀን በአንድ ወገን ቆመን አናውቅም።

እሱ እንጅባራ አጠገብ፣ ከዘንገና ሐይቅ ማዶ የተወለደ የገበሬ ልጅ ነው። ቅኔ ቤት ገብቶ ብዙ ከቆየ በኋላ «ነገር ይሻለኛል» ብሎ ወደ ፍርድ ቤት መጣ። እኔ የዳንግላ የከተማ ልጅ ስሆን የመጣሁት ከጦር ሠራዊት ጸሐፊነት ነው። እሱ ረጅምና ቀጭን ነው፤ ሲናገር ዳኛው ወደፊት ጎንበስ ብለው ካልሰሙት በቀር አይሰማም። እኔ አጭርና ደንዳና ነኝ፤ ስናገር አጥር ላይ የታሰረ በቅሎ ይበረግጋል። በጉልበት ቢሆን ኖሮ ሁልጊዜ የምረታው እኔ ነበርሁ።

አንድ የሚያበግን ጠባይ ነበረው። እኔ ስናገር ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማኛል። ስጨርስ ነጠላውን አደግድጎ ይነሣና «ክቡር ዳኛ፣ ባልደረባዬ ለማለት የፈለገው እንዲህ ነው» ይላል። ከዚያ የእኔን ክርክር ከእኔ አሳምሮ ይናገረዋል። የረሳሁትን ያስታውስልኛል፤ ያላሰብሁትን ማስረጃ ይጨምርልኛል። ደንበኛዬ እንባው በዓይኑ ግጥም እስኪል ድረስ በደሉን ያወጣለታል። ዳኛው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔ ራሴ «እንዲህማ ከሆነ ረታሁ» ማለት እጀምራለሁ። ይኸኔ ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ «ይሁን እንጂ» ይላል። ከዚያች «ይሁን እንጂ» በኋላ ራሱ ያቆመውን ቤት ምሰሶ ምሰሶውን እየነቀለ ይጥለዋል።

የንቡን ክስ ልንገራችሁ። አንድ የጥርባ ሰው ንቡ ከቀፎው ወጥቶ ጎረቤቱ በሰቀለው ባዶ ቀፎ ውስጥ ይገባበታል። ጎረቤቱ «ፈልጎ መጣ፣ ከእንግዲህ የእኔ ነው» አለ። እኔ ለጥርባው ሰው ቆምሁ። «ላም በረት ብትስት ባለቤቷን አትለውጥም!» ብዬ ጮህሁ። ችሎቱን የሞላው ሰው «እውነት ነው» እያለ አጉተመተመ። ባልደረባዬ ተነሣ። ደንበኛዬ ቀርከሃውን ከየት እንደቆረጠ፣ ቀፎውን እንዴት እንደሠራ፣ በምን እንዳጠነ፣ ንቡን ሲያሳድር ስንት ቦታ እንደተነደፈ አንድ በአንድ ተናገረ። የጥርባው ሰው ተነሥቶ ሊስመው ምንም አልቀረውም። «ይሁን እንጂ» አለ፣ «ላሙ የጠፋችበት ሰው ዱላውን ይዞ ይፈልጋታል። ይህ ሰው ንቡ ሲወጣ ተከትሎ ሮጧል ወይ? የት ነበር?»

እኔ መልስ ሳላሰናዳ ደንበኛዬ ከኋላዬ ብድግ አለ። «የእኅቴ ልጅ ሰርግ አይደለም ወይ!» አለ። «ጉግስ ላይ ነበርሁ! ማን ጥሎ ይሄዳል?»

ዳኛው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ሰው ሁሉ ሳቀ። የጥርባው ሰው ክሱን ተረታ፤ ሆኖም በጉግሱ የጣላቸውን ሰዎች እየቆጠረ ተደስቶ ነው የሄደው። የተናደድሁት እኔ ነኝ።

ከችሎት በኋላ ግን ሌላ ጉዳይ ነበረን። በገበያው ጥግ አቡጀዲና ነጠላ የሚሸጡ አንድ ሐጂ ነበሩ። ከሱቃቸው በስተጀርባ ጠባብ ክፍል አለች፤ ምንጣፍ ተነጥፎባታል፤ ከሰል ላይ ሻይ ተጥዷል። እሱና እኔ በፍርድ ቤቱ በር በተለያየ መንገድ እንወጣለን፤ እሱ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል፣ እኔ በከብት ገበያው በኩል ዞረን ሐጂ ዘንድ እንገናኛለን። አብረን ብንታይ ባለጉዳዮቹ «ተመካክረው ነው የሚያጣሉን» ይሉ ነበር። ሐጂ ሻዩን ቀድተው «እሺ፣ ዛሬ ምን ነበረ?» ይሉናል። ክሱን እንደ አዲስ እንከራከረዋለን። ሐጂ ይፈርዳሉ። የንቡን ክስ ለእኔ ነው የፈረዱልኝ፤ «ሰርግ ጥሎ የሚሄድ ሰው ንብም አይረባለትም» ብለው። ይኸን ፍርድ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ።

የምርጫው ወሬ ዳንግላ የደረሰ ሰሞን፣ ሕዝብ በመረጣቸው እንደራሴዎች ምክር ቤት ሊቆም ነው ተባለ። ከአውራጃችን ሁለት ሰው ይላካል። ባልደረባዬ ሐጂ ጓዳ ውስጥ ሻዩን ሳይጠጣ ሲያማስል ቆየና «ልወዳደር አስቤአለሁ» አለ።

«ምን ልትሠራ?» አልሁት።

«ገበሬው በማይሰማው ቋንቋ ተከሶ በማይሰማው ቋንቋ ይፈረድበታል። አገውኛ የሚያስተረጉምለትን ሰው ራሱ ቀጥሮ ያመጣል፤ ያም ለቀጠረው ያደላል። ይኸን በየችሎቱ ከምጮህ አስተርጓሚውን መንግሥት ይቅጠር ብዬ ሕግ በሚወጣበት ቤት አንድ ጊዜ ልጩህ።»

እሱ ይኸን ሲናገር እኔ የምሰማው ሌላ ነገር ነበር። ይኸ ሰው ከሄደ ችሎቱ የእኔ ነው። «ይሁን እንጂ» የሚለኝ የለም። ልቤ ዘለለች። ተነሥቼ አቀፍሁት፤ እሱም በወንድምነቴ ልቡ ተነካ።

ችግሩ የሚመርጠው መጥፋቱ ነበር። ደንበኞቹ «እሱ አዲስ አበባ ከወረደ ማን ይቆምልናል?» ብለው ለሌላ ሰው ድምፅ ሊሰጡ ቆርጠዋል። የረታቸው ደግሞ ስሙን መስማት አይፈልጉም። የወደደው እንዳይሄድበት፣ የጠላው ስለጠላው አይመርጠውም። ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ምልክት ሲሰጥ ለእሱ ጃንጥላ ደረሰው። የፈረሱን ምልክት አንድ ትልቅ ባለርስት ቀድሞ ወስዶታል። አገው ምድር ላይ ፈረስን በጃንጥላ መግጠም ምን ማለት እንደሆነ የአገሩ ሰው ያውቀዋል። ባልደረባዬ ተስፋ ቆርጦ ነጠላውን ተከናንቦ ተቀመጠ።

እኔ ግን አልቆረጥሁም። ፈረሴን ጭኜ ተነሣሁ። የሄድሁት ወደ ወዳጆቹ አይደለም፤ ወደ ረታቸው ሰዎች ነው። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፤ ደንበኞቼ ናቸዋ!

የመጀመሪያው ጥሊሊ አጠገብ የሚኖር፣ በወሰን ክርክር የተረታ ሽማግሌ ነበር። ጃንጥላውን ምረጥ ስለው ጠላውን አስቀምጦ አፈጠጠብኝ።

«ጌታው፣ መሬቴን ያስነጠቀኝን ሰው ሹመው ይሉኛል?»

«ይግባኝህ አላለቀም አይደል?»

«አላለቀም።»

«እሱ ዳንግላ ካለ ይግባኙ ላይ ማን ይቆምብሃል?»

ያስቀመጠውን ጠላ መልሶ አነሣ።

«ከተመረጠ ግን አዲስ አበባ ነው። አራት ዓመት ሙሉ አታየውም።»

ሽማግሌው ጢሙን አሻሸ። «አራት ዓመት?» አለ። «ሙሉውን?»

«ሙሉውን።»

«እንዲያ ከሆነ ወንድሞቼንም፣ የሚስቴንም ወንድሞች ይዤ እመጣለሁ።»

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ቀላል ሆነ። አንዱ ለአንዱ እየነገረ ወሬው ከእኔ ፈረስ ቀድሞ ይደርስ ጀመር። በምርጫው ቀን ከየአቅጣጫው የመጣው ፈረሰኛ የዳንግላን ሜዳ ሞላው። ሁሉም እሱ በአንድም በሌላም ክስ የረታቸው፣ የጣላቸው፣ ያሳጣቸው ናቸው። የአንድን ሰው ጠላቶች እንዲህ ተሰልፈው ሳይ «ይኸ ሰው በእውነት ብርቱ ጠበቃ ነው» አልሁ በልቤ። ባለፈረሱ ባለርስትና ባለጃንጥላው ባልደረባዬ አለፉ።

በተሸኘበት ቀን አውቶቡሱን እስከ ከተማው ዳር ያጀቡት እነዚያው ናቸው። ፈረሶቹ በጥልፍ ተሸልመዋል፤ ይፎክራሉ፣ ይሸልላሉ፣ ያጨበጭባሉ። የጥሊሊው ሽማግሌ ከሁሉ በልጦ ዘለለ። ባልደረባዬ ከመስኮቱ ብቅ ብሎ እያለቀሰ «ይኸ ሕዝብ እንዲህ ይወደኛል ብዬ አስቤ አላውቅም!» አለኝ። እኔ «ይወድሃል እንጂ» አልሁት። ሐጂ አጠገቤ ቆመው ነበር፤ ሳቃቸውን ለመደበቅ ዞረው በጋቢያቸው አፋቸውን ያዙ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጣፋጭ ነበሩ። ገባሁ፣ ተናገርሁ፣ ረታሁ። የወሰን ክስ ረታሁ፤ የውርስ ክስ ረታሁ፤ ልረታው የማይገባኝንም ረታሁ። በእሱ ቦታ የተተኩት ጠበቆች ሁለት ነበሩ። አንዱ የተጻፈለትን ከወረቀት እያነበበ፣ ነፋስ ወረቀቱን ሲያዞርበት የሚጠፋው ነው። ሌላው ጨዋ ነው፤ ስናገር «ባልደረባዬ ያሉት ልክ ነው» ይልና ይቀመጣል። ልክ ነው ይለኛል! ሰው ጠበቃ ቀጥሮ «ልክ ነው» እንዲል ነው እንዴ?

ብቻውን የሮጠ ማን ይቀድመዋል? ደስ ሊለኝ ሲገባ እየከፋኝ ሄደ። ዳኛው እኔ ስናገር ማንቀላፋት ጀመሩ። ቀድሞ ከጥሊሊና ከእንጅባራ ጉዳይ ሳይኖረው ክርክር ለመስማት ብቻ ስንቁን ይዞ የሚመጣው ሰው ቀረ። እኔም ክርክሬን ማሰናዳት ተውሁ፤ ምን ያደርግልኛል? ይልቅ ቤት ስገባ ከባለቤቴ ጋር መከራከር ጀመርሁ። ወጡ ጨው በዝቶበታል እላለሁ፤ አልበዛም ትላለች፤ አስረጂ እላታለሁ። አንድ ቀን ጭልፋውን አስጨበጠችኝና «ከሳሹም ዳኛውም አንተ ነህ፤ አብሳዩም አንተው ሁን» ብላኝ ጎረቤት ሄደች። ሐጂ ጓዳ ስሄድም «ዛሬ ምን ነበረ?» ይሉኛል፤ «ረታሁ» እላቸዋለሁ፤ ሻዩን ጠጥተን ዝም። ሐጂ አንድ ቀን ዝምታው በዛባቸውና «እርስዎ ሰውየ፣ ሚስቱ የሞተችበት ነው የሚመስሉት» አሉኝ።

እንግዲህ ሳልሸሽግ ልናገረው። ናፈቀኝ። ያንን ቀጭን፣ ያንን ዓይኑን ጨፍኖ የሚያዳምጥ ሰውዬ ናፈቀኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው።

በክረምት ምክር ቤቱ ሲዘጋ ይመጣል። ነገር ግን በክረምት ችሎትም ይዘጋል። እሱ ዳንግላ ሲሆን ፍርድ ቤቱ ቁልፍ፣ ፍርድ ቤቱ ሲከፈት እሱ አዲስ አበባ። ዝናቡ የሐጂን ቆርቆሮ ሲደበድብ ሦስታችን ተቀምጠን የምክር ቤቱን ነገር ያወራልናል። ምንጣፉን፣ የወንበሩን ልስላሴ፣ ሰው ሲያስነጥስ እንኳ ቀስ ብሎ እንደሆነ ይነግረናል። የአስተርጓሚውን ነገር ተነሥቶ ተናግሯል።

«ምን አሉህ?» አልሁት።

«አጨበጨቡ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሌላ ሰው ተነሥቶ ስለ ሌላ ነገር ተናገረ፤ ለእሱም አጨበጨቡ።» ብርጭቆውን አስቀመጠ። «አንድ ሰው እንኳ ተነሥቶ ‹ተሳስተሃል› አላለኝም። ቢለኝ እኮ ልክ መሆኔን አስረዳው ነበር።»

በዚያው ክረምት ሐጂ እንዴት እንደተመረጠ አጫወቱት። ጠላቶቹ ከከተማው ለመገላገል ብለው እንደመረጡት፣ እኔም በፈረስ እየዞርሁ እንደሰበክኋቸው። ይቆጣል ብዬ ወደ በሩ ጠጋ ብዬ ነበር። እሱ ግን ሻዩ በአፍንጫው እስኪወጣ ሳቀ። «የጥሊሊውም?» ይላል፤ «ያ ሲሸልል የነበረውም?» ይላል፤ እንደገና ይስቃል። «እኔ እኮ አዲስ አበባ ፎቶግራፍ ሲያነሡኝ ስለ እሱ ፍቅር እያሰብሁ ነበር» አለ። ሦስታችንም ሆዳችንን ይዘን ተንከባለልን።

እንዲያ ሆኖም ሥራውን አልተወም። እየተጨበጨበለትም፣ ዝም እየተባለም፣ የሚመለከተውን ሁሉ ደጅ እየጠና የአስተርጓሚውን ነገር ሲያነሣ ኖረ። በመጨረሻ ለዳንግላው ፍርድ ቤት የመንግሥት ደመወዝ የሚበላ አስተርጓሚ ተላከ። የመጀመሪያው ቀን አንዲት ባልቴት በአገውኛ ተናግረው፣ ያሉት ሳይጨመርና ሳይቀነስ በአማርኛ ሲነገር ሰምተው ዳኛውን መረቁ። እኔ ለባላጋራቸው ነበር የቆምሁት። ተረታሁ፤ ደስም አለኝ። ይኸን የሠራው እሱ ነው አልሁ።

ከዚያ አራተኛው ዓመት አለቀና ምርጫ እንደገና መጣ። እኔም ቆረጥሁ። ልኬዋለሁ፣ እመልሰዋለሁ አልሁ።

ዘዴዬ ተገላቢጦሽ ነበር። አሁን እንዳይመረጥ ነው የምለፋው። ደንበኞቹን «ጠበቃችሁን ትፈልጋላችሁ? እንግዲያስ አትምረጡት» አልኋቸው፤ ተስማሙ። የረታቸው ግን ከበዱኝ። የጥሊሊው ሽማግሌ «አራት ዓመት በሰላም ኖርን እኮ ጌታው! ምነው የተኛ ጅብ ይቀሰቅሳሉ?» አለኝ። ስለዚህ በእንጅባራ ገበያ ቀን፣ ሁሉ በተሰበሰበበት ልናገር ወሰንሁ።

ከእህል ተራው አጠገብ ካለ ትልቅ ድንጋይ ላይ ወጣሁ። ሰው ተሰበሰበ። ጉሮሮዬ በደንብ ከሠራ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ግን አልከዳኝም። «ይኸ ሰው የሄደበትን ሥራ ጨርሷል!» አልሁ። «አስተርጓሚ አመጣላችሁ! ሥራውን የጨረሰ ሰው ወደ ቤቱ ይገባል እንጂ ሜዳ ላይ ያድራል ወይ? እዚያ የሚያጨበጭብለት ሞልቷል! እዚህ የሚሟገትላችሁ የለም! ይመለስ!»

እንዲህ እያልሁ ሳለሁ ከጥሊሊ በኩል የመጣ አውቶቡስ ቆመ። እሱ ወረደ። አቧራ ለብሷል። ሕዝቡ ገለል አለለት፤ መጥቶ ከፊቴ ቆመ። ዓይኑን ጨፈነ።

እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ያን ጊዜ ሰውነቴን ሙቀት ወረረው። አራት ዓመት ሙሉ ሰው እንዲያ ሰምቶኝ አያውቅም። ድምፄን ከፍ አደረግሁ፤ እጄን ወረወርሁ፤ ምሳሌ በምሳሌ ላይ ደረደርሁ። ላቤ እየተንቆረቆረ ጨረስሁ። ሕዝቡ «መልስ ይስጥ! መልስ ይስጥ!» አለ። አንድ ሌላ ሽማግሌን ጆንያ ላይ አስቀመጡና ዳኛ አደረጓቸው። ገበያው ችሎት ሆነ።

ባልደረባዬ ነጠላውን አደገደገ። በአገውኛ ነው የጀመረው። «አባቴ ዳኛ፣ ባልደረባዬ ለማለት የፈለገው እንዲህ ነው» አለ።

«ባልደረባዬ ሥራ ጨርሷል ያለው ለሰበብ ነው። ለማለት የፈለገው ሌላ ነው፤ ኩራቱ ያዘው። ሰው አብሮት የሚቆም ወዳጅ ብቻ ሳይሆን ፊት ለፊቱ የሚቆምም ያስፈልገዋል። በሬ ቀንበሩን ለብቻው አይስብም። ይኸ ሰው አራት ዓመት ሙሉ ማንም ሳይመልስለት ተናገረ። እኔም አራት ዓመት ሙሉ ማንም ሳይመልስልኝ ተናገርሁ። ‹ናፍቀኸኛል፣ ና ግባ› ሊለኝ ነው ከዚህ ድንጋይ ላይ የወጣው። ልክ ነው። ቤት የሚባለው ‹አይደለም› የሚልህ ሰው ያለበት ነው።»

ቅቤ የምትሸጥ አንዲት ሴት ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። የጥሊሊው ሽማግሌ እንኳ «እንግዲህ ይግባ እንጂ፣ ምን ይደረጋል» አለ። እኔ እንባዬን በእጄ ጀርባ ጠረግሁ። ሁሉም ተስማምቷል። ረትቻለሁ! እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ በዚያው ቀን ቤቱ ነበር።

ጉሮሮውን ጠረግ አደረገ።

«ተው!» አልሁት ከድንጋዩ ላይ። «ተው፣ ዝም በል!»

«ይሁን እንጂ» አለ።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ። «አስተርጓሚ የተሰጠው ለዳንግላ ነው፤ የጫግኒ ሰው ጆሮ የለውም ወይ? የጥሊሊው በምን ይከራከራል? አንድ ትልም አርሶ ‹ሚስቴ ናፈቀችኝ› ብሎ ወደ ቤቱ የሚገባ ገበሬ ታውቃላችሁ? ናፍቆት ልክ ነው፤ ግን እርሻ አያርስም!» አለ። ናፍቆቴን ምሰሶ ምሰሶውን ነቅሎ ጣለው። ሕዝቡ ጮኸ፣ ዱላውን ወደ ላይ ወረወረ። ጆንያ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ሳይጠየቁ ለእሱ ፈረዱ። እኔ ድንጋዩ ላይ ቆሜ እየተረታሁ፣ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ምርጫው ሲደርስ የወደደውም የጠላውም መረጠው። ፈረስ የሌለው በእግሩ መጣ።

ማግስቱን ሐጂ ጓዳ ተገናኘን። «ምነው? ዝም አይነቅዝም፤ ምነው እዚያ ላይ ብታቆም?» አልሁት።

ብርጭቆውን በእጁ አዞረ። «ልመለስ ብዬ ነበር የመጣሁት» አለ። «ለባለቤቴ ቤቱን ጥረጊ፣ አልመረጥም ብያታለሁ። ዝም ብዬ ልሸነፍልህ ነበር አሳቤ። ግን አንተ ስትናገር ሰማሁህ። አራት ዓመት ሙሉ የምመልስለት ሰው አጥቼ፣ አንተ እንዲያ ስትናገር…» ቀና ብሎ አየኝ። «አንተ ብትሆን ታቆም ነበር?»

«አላቆምም» አልሁት።

ሐጂ «ሁለታችሁንም አላህ ይማራችሁ፤ እብዶች ናችሁ» አሉና ሻይ ጨመሩልን።

በሄደበት ቀን እስከ አውቶቡሱ ሸኘሁት። መንገዱን ሁሉ ስንከራከር ነበር፤ እኔ «በሬ ለብቻው አይስብም ብለህ መልሰህ ናፍቆት እርሻ አያርስም ማለትህ እርስ በርሱ ይጋጫል» እላለሁ፤ እሱ አይጋጭም ይላል። ሹፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። ተሳፋሪው ጮኸብን። ወጣ፣ ተቀመጠ፣ አውቶቡሱ ተነሣ። እኔም ዞሬ መሄድ ጀመርሁ።

ከከተማው ዳር ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ሰማሁ። ዞር ስል እንደራሴያችን ካፖርቱን እያውለበለበ በጭቃው ውስጥ ወደ እኔ ይሮጣል። ከኋላው ሰው ሁሉ በመስኮት ብቅ ብሎ ይሰድበዋል። ደርሶ ጉልበቱን ይዞ ተነፈሰ።

«ይሁን እንጂ» አለኝ፣ «በሬው ለብቻው አይስብም እንጂ፣ ቀንበሩ ካልወረደ አንዱ በሬ ሜዳውን፣ ሌላው ዳገቱን ይዞ ማረስ ይችላል፤ አንተ እዚህ፣ እኔ እዚያ። እስቲ ይኸን መልስ!»

መልሴን ሳይጠብቅ ዞሮ ወደ አውቶቡሱ ሮጠ። መልሱ የመጣልኝ አውቶቡሱ ከዓይኔ ከተሰወረ በኋላ ነው። እስከ ክረምት ድረስ ይዤው ከረምሁ፤ በየቀኑም እያሳመርሁት።